ከስክሪኑ በታች የቀሩ እጆች

ሐይቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነጂብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ባለህበት ሰላም ያውልህ፤ የምትነዳውን መኪና መሪ እሱ ራሱ ይያዝልህ፤ ከበረሃው አቧራና ከሰው አገር ሕመም ይጠብቅህ። እኛ ምስጋና ለእሱ ይሁንና እኔም፣ ባለቤቴ ቃሲምም፣ ልጆቹም ደህና ነን። የዘንድሮው ማሽላም ደህና ይዟል።

በስልክ ከማውራት መጻፉን የመረጥኩት፣ በስልክ አንተ "ደህና ነኝ" እኔ "ደህና ነን" ስንባባል ነገሩ እዚያው ስለሚያልቅ ነው። ወረቀቱን ልጄ ሪሐና ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

የምነግርህ ደስታ ነው። ሪሐና ታጭታለች። ልጁ አናስ ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው፤ በር እና መስኮት ይሠራል። ቤተሰቦቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ሚያዝያ ላይ እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል።

አንድ ነገር ግን ከልጅቷ ሆድ አልወጣም። አያቷ እንድትመርቃት ትመኝ ነበር፤ እማን ደግሞ ሐምሌ ላይ ቀበርን። የአናስ ቤተሰቦች እማን አያውቋትም። ሪሐና "አያቴ ሻሼ አትሰማም፣ በአፏም አትናገርም ነበር፤ የምታወራው በእጇ፣ የምትመርቀውም በእጇ ነበር" ስትላቸው በአክብሮት ያዳምጧታል እንጂ አይገባቸውም። ያላየ ሰው እንዴት ይግባው?

በእኔ ሠርግ ስትመርቀኝ የቀረጽከው አንተ ነህ። ካሴቱ በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ከነሳጥኑ ጠፍቷል። አንተ ግን ወደ ኩዌት ከመሄድህ በፊት ወደ ኮምፒውተር አስገብተህ በዲስክ ይዘኸው እንደሄድክ ነግረኸኝ ነበር። አሁንም አለ?

የአናስ አጎት ለዳሱ የሚሆን ትልቅ ሰፊ ቴሌቪዥን አምጥቷል። ለሙከራ የጎረቤታችንን የድሮ ሠርግ ከፈትንበት። ስዕሉ መሀል ላይ ጠቦ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ፣ ደብዝዞ ታየ። አንዱ ጎረምሳ በሪሞት ቢለጥጠው ደግሞ ሰዉ ሁሉ እንደ እንቅብ ሰፋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሪሐና ብቻ አልሳቀችም። "እማማን እንዲህ እንዲስቁባት አልፈልግም" አለችኝ።

አንተ እዚያ የሰዎችን የድሮ ቪዲዮ ለአዲሱ ቴሌቪዥን እንዲመች አድርገህ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። የእማንም እንደዚያ አድርግልን፤ ስክሪኑን ሞልታ፣ ጠርታ ትታይ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለም።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሸሪፋ


ቁርጡባ፣ ኩዌት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም ሸሪፋ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ቤትሽን በደስታ ይሙላው፤ ለሪሐና መልካም ጅማሬ ያድርግላት። ቃሲምን "እንኳን ደስ ያለህ፣ አማች አገኘህ" በይልኝ።

መልሱ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። እዚህ የልጆቹ የፈተና ወቅት ነበር፤ ከትምህርት ቤት ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ ቤት ስመላለስ ነው የምውለው። በዚያ ላይ የማዳም እናት አርጅተዋል፤ ሆስፒታል የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ከመኪና ሲወርዱ እጄን ካልያዙ አይራመዱም። ሌላ ሾፌር ቢመጣ "ነጂብ ከሌለ አልሄድም" ይላሉ።

ዲስኩ አለ። ሠርግሽ እንዳለ ተቀምጧል። አርብ አርብ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ አውቶቡስ ይዤ ወደ ሐዋሊ እሄዳለሁ። እዚያ ሰልማን የሚባል የከሚሴ ልጅ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር ለቆልኛል። የአገራችን ሴቶች ከየሰፈሩ የድሮ ሠርጋቸውንና የልጆቻቸውን ቪዲዮ ያመጡልኛል።

ያ በጎረቤታችሁ ሠርግ ላይ ያያችሁት ነገር ምን መሰለሽ፣ የድሮው ካሜራ ስዕል ቁመቱና ወርዱ ተቀራራቢ ነው፤ የአሁኑ ቴሌቪዥን ደግሞ በጎን የረዘመ ነው። ስለዚህ ወይ ግራና ቀኙን ጥቁር መተው ነው፣ ወይ መለጠጥ ነው፤ ሲለጠጥ ደግሞ ሰዉ ይወፍራል። ሌላው መንገድ ስዕሉን አሳድጎ ስክሪኑን በሙሉ ማስሞላት ነው። እንደዚያ ሲሆን ከላይ ወይም ከታች ትንሽ ይቆረጣል፤ ሰው ግን አያስተውለውም። እኔ የምሠራልሽ በዚህ በመጨረሻው ነው። ከዚያ ጥራቱን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ቀለሙንም አስተካክላለሁ። የትናንት ቀረጻ ይመስላል።

ለሚያዝያ በደንብ ይደርሳል። ሐሳብ አይግባሽ።

እማ ሻሼን አላህ ጀነትን ይወፍቃት።

ወንድምሽ ነጂብ


ሐይቅ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነጂብ፣

ሰላምህ ይብዛ። አላህ የለፋህበትን ይባርክልህ። ዲስኩ መኖሩን ስሰማ ለሪሐና ነገርኳት፤ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

አይተኸዋል? ስትጽፍልኝ ስለ ካሜራው ብቻ ነው የነገርከኝ። ሪሐና ደግሞ ትጨቀጭቀኛለች፤ "እማማ የትኛውን ሻሽ ነው ያሰረችው? ተቀምጣ ነው ቆማ?" ትለኛለች። እኔ በዚያ ቀን ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ልብሷን አላስታውስም። የማስታውሰው የአምባሮቿን ድምፅ ነው። አንተ በካሜራው በኩል ስላየኸው ይሻልሃል። እስቲ ጻፍልኝ።

የማዳምህ እናት እጅህን ይዘው እንደሚወርዱ ጽፈሃል። አላህ አጅርና ምንዳህን ያብዛልህ። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እማ ታማ በነበረ ጊዜ ስልኩን ትራስ አስደግፋ ፊት ለፊቷ ታቆመው ነበር። የስልክህ ካሜራ ተበላሽቷል ስላልከኝ ያንኑ በእጄ ነገርኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፣ በማግስቱም ታቆመዋለች። የድምፅ መልእክትህ ሲመጣ ስልኩን ደረቷ ላይ ታስጠጋዋለች፤ ንዝረቱ ይሰማት ነበር። "ምን አለ?" ትለኛለች፤ እኔም ያልከውን በእጄ እነግራታለሁ። አንዳንዴ ያላልከውንም እጨምር ነበር።

ይህን ያነሳሁት ልወቅስህ አይደለም። አሳድጋሃለች፤ እናትህ ሞታ ወደ እኛ ቤት ስትመጣ በእኔና በአንተ መካከል አላዳላችም። ቪዲዮውን ስትሠራ ደህና አድርገህ እያት ለማለት ነው።

ያለፈውን ወረቀቴን በማግስቱ እንዳየኸው ሪሐና ስልኳ ላይ አሳይታኛለች፤ ሰማያዊ ምልክት አለው። እኔ አልቸኩልህም። አንተ ብቻ ደህና ሁን።

ሸሪፋ


ሐዋሊ፣ ኩዌት፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም ሸሪፋ፣

ረመዳን በሰላም ይግባላችሁ፤ አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ።

ሥራው አልቋል። ሙሉውን ሠርግ አንድ ላይ አውጥቼ በፍላሽ የደሴውን ልጅ ጀብሪልን አሲዤዋለሁ። ጾሙን እናቱ ጋ ሊጾም ሐሙስ ይበራል፤ ደሴ እንደደረሰ ይደውልላችኋል። በኢንተርኔት ልልከው አስቤ ነበር፤ ፋይሉ ግን ትልቅ ስለሆነ እናንተ ጋ አይወርድም።

በጣም አምሯል። ዳሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሙሽሮቹ መኪና፣ ሁሉም ስክሪኑን ሞልቷል፤ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም። የሰው ጭንቅላት እንዳይቆረጥ ተጠንቅቄያለሁ። ሰልማንም አይቶ "የድሮ ነው ብትለኝ አላምንም ነበር" ብሏል።

የድሮውን ፕሮጀክት፣ ካልተቆረጠው ዋና ቅጂ ጋር፣ ከእንግዲህ ስለማያስፈልግ ከዲስኩ ላይ አጠፋሁት። ቦታ ጠቦኝ ነበር። ቆንጂት የምትባል ጀህራ ሰፈር ያለች ደንበኛዬ የሦስት ልጆቿን ካሴት አምጥታ እሱን እየሠራሁላት ነው።

እማ ስላሰረችው ሻሽ የጠየቅሽኝን ፍላሹ ሲደርስ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። በእኔ ቃል ከምነግራችሁ አይታችሁ ብትደሰቱ ይሻላል።

ሪሐናን ሳሚልኝ።

ነጂብ


ሐይቅ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጂብ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጀብሪል በሰላም ገብቷል፤ ፍላሹንም እጃችን ላይ አድርሷል። ላደረግከው ሁሉ አላህ ይስጥልን።

ትናንት ካፈጠርን በኋላ የአናስ እናትና እህቶች መጡ። ቴሌቪዥኑን ከፈትን። መጀመሪያ ሁሉም ተደነቀ። ዳሱ ዛሬ የተተከለ ይመስላል፤ አባባ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያይ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ቃሲም ራሱን በዚያ ዕድሜው ሲያይ አፍሮ ሳቀ።

ከዚያ እማ መጣች። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ የዓይኗ ሽፋሽፍት፣ ሁሉም ጠርቶ ታየ። ሻሿ አረንጓዴ ነው። ሪሐና ለአማቷ "አሁን ነው፣ አሁን ተመልከቱ፣ ልትመርቅ ነው" አለች።

እጇ የለም።

ታውቃለህ፣ እማ ስታወራ እጇን ዝቅ አድርጋ፣ ጭኗ አጠገብ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ስለሚያፈጥባት እንደዚያ ለመደች። ስዕሉ ደረቷ ላይ ያልቃል። ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል፤ አምባሮቿ ሲንሿሹ ይሰማል፤ ሰዎቹ "አሚን" ይላሉ። እጇ ግን የለም። አማቷ በትህትና ጠበቁ። ትንሽ ቆይተው "መቼ ነው የምትመርቀው?" ብለው ጠየቁ። ሪሐና ተነስታ ከቴሌቪዥኑ በታች ያለውን ጠረጴዛ አየች። እዚያ የወደቀ ነገር የምትፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ አጥፍታው ወደ ጓዳ ገባች።

በሕይወቷ ሙሉ ሰው ዲዳ ሲላት ሰምቻለሁ፤ ዲዳ ሆና ያየኋት ግን ትናንት ነው።

ፕሮጀክቱን አጥፍቼዋለሁ ብለህ ጽፈሃል። ምናልባት ሌላ ቦታ ይኖርሃል ብዬ ነው። ጥቁሩ ይኑር። ይደብዝዝ። ይጥበብም። የሚስቅ ሰው ካለ ይሳቅ። እጇ ያለበትን ብቻ ላክልን።

ሸሪፋ


ሐዋሊ፣ ኩዌት፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም ሸሪፋ፣

ሰላም የምልሽበት አንደበት የለኝም፤ ቢሆንም አላህ ሰላሙን አያጉድልብሽ።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ዕለት አነበብኩት። ያልመለስኩት መልስ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ነው። ሌላ ቦታ የለኝም። የነበረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሰልማን የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለው። ሁለት አርብ ሙሉ አብረን ሞከርን። የተገኘው የቆንጂት ልጆች ልደት ነው፤ ያንቺ ሠርግ የነበረበት ቦታ ላይ እሱ ተጽፎበታል። ሰልማን በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ "ወንድሜ፣ ይኼ አይመለስም" አለኝ። ዲስኩን ከሱቁ ውጪ ይዤ ቆምኩ። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ማወቅ ይገባሻል። እንዲህ ያለ ሥራ በደንብ የሚሠራው እያንዳንዱን ቀረጻ እያዩ ነው። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች፣ የሚያስፈልገው እንዳይቆረጥ በእጅ እየገፉ። ለደንበኛ የማደርገው እንደዚያ ነው። ያንቺን ግን እንደዚያ አላደረግኩም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀረጻዎች አየሁ፤ የሽማግሌዎቹ ጥምጥም እንዳይቆረጥ ብዬ የሚታየውን ክፍል ወደ ላይ አስጠጋሁ፤ ከታች ያለውን ሁሉ ይቁረጥ ብዬ ለሙሉው አንድ ትእዛዝ ሰጠሁና ወጣሁ። ማሽኑ እስኪጨርስ መንገድ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሰልማን "ና እየው፣ እናትህ መጣች" ብሎ ጠራኝ። "መጣሁ" አልኩትና አልሄድኩም። "በጣም አምሯል" ብዬ የጻፍኩልሽ ሳላየው ነው።

እሷን ማየት ፈርቼ ነው። የስልኬ ካሜራም አልተበላሸም ነበር። ያኔ አንድ ጊዜ በቪዲዮ ስንገናኝ "መቼ ትመጣለህ?" አለችኝ በእጇ። በአፍ ቢሆን "ኢንሻአላህ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። በእሷ ቋንቋ ግን ወይ ቀኑን ታሳያለሽ፣ ወይ እጅሽን ታወርጃለሽ። እኔ እጄን አወረድኩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ብቻ መላክ ጀመርኩ፤ ለማትሰማ ሴት።

አሁን ግን አይቼዋለሁ። የቀረው ፊቷ ነው፤ እሱን ደጋግሜ አየሁት። ትከሻዋንና የአምባሮቿን ድምፅ ተከትዬ ምን እንዳለች ለማወቅ ሞከርኩ። ይኸውልሽ። መጀመሪያ ሁለቱም ትከሻዎቿ እኩል ከፍ ይላሉ፣ አምባሩ በቀስታ ይንሿሻል፤ ይህ "ዝናብ" ነው፣ ጣቶቿን ከላይ ወደ ታች እያርገፈገፈች። ቀጥሎ ክንዶቿ ወደ ጎን ይወጣሉ፤ ጣቶቿን እንደ ጣራ ክዳን ስታጋጥም ነው፣ "ቤትሽ"። ዝናብ በቤትሽ ላይ ይዝነብ ማለቷ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ልጅ እንዳቀፈ ሰው። ከዚያ ቀኝ ትከሻዋ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ "ጎረቤት"፣ ጉልበትን መታ መታ ማድረግ። ጎረቤትሽ ይውደድሽ።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ትከሻዋ ይቆማል። አምባሩም ዝም ይላል። ዓይኗ ብቻ ወደ ታች ያያል፣ ረዘም ላለ ጊዜ። እዚያ ጋ ምን እንዳለች አላውቅም። እዚያ ስደርስ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

አንቺ ከፊቷ ተቀምጠሽ ነበር። የተሳሳትኩት ካለ አርሚው። ለሪሐና ፊቴን አሳይቼ ይህን መናገር አልቻልኩም፤ አንቺ ንገሪልኝ።

አፉ በይኝ ሸሪፋ።

ነጂብ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ነጂብ፣

ሰላም ይድረስህ። ሠርጉ በሰላም አልፏል፤ አላህ ያላሰብነውን እንግዳ ሁሉ እህሉን አብቅቶ መገበልን።

ወረቀትህን ካነበብኩ በኋላ ቶሎ ልመልስልህ አልቻልኩም። ተቆጥቼ ነበር። ቃሲም "የተሳሳተው በሥራ ብዛት ነው፣ ተይው" ሲለኝ በእሱም ተቆጣሁ። በሥራ ብዛት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠህ እንደነበር ባትነግረኝ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ እንኳን ነገርከኝ አልኩ።

ለሪሐና ስነግራት "ይቅር በቃ፣ ሠርጉ ላይ አይታይ" አለች። እኔም ተስማማሁ። የጻፍከውን ግን አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠስን ሳለ አነበብኩላት። "ዝናብ የቱ ነው?" አለችኝ። አሳየኋት። "ቤትስ?" አሳየኋት። ቢላዋዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ጠየቀችኝ።

የሠርጉ ዕለት ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ ሪሐና አናስን በዓይኗ ጠራችው። እሱም ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ለእኔ አልነገሩኝም ነበር። የእማ ፊት መጣ፣ ያ አንተ የላክኸው። ሪሐና ወደ እኔ ዞራ "እማዬ፣ ተነሽ" አለችኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ቃሲም ነው ክንዴን ይዞ ያስነሳኝ።

ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ከስዕሏ በታች ቆምኩ። የአምባሯን ድምፅ ስሰማ እጄን አነሳሁ። ዝናቡን አርገፈገፍኩ። ቤቱን ገጠምኩ። ልጁን አቀፍኩ። መጀመሪያ ከእሷ ዘግይቼ ነበር፤ ከዚያ ደረስኩባት። የአናስ እናት "አሚን" አሉ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ።

"ጎረቤት" ብለህ የጻፍከው ስህተት ነው። "ጤና" ነው። ጉልበትን መታ ማድረግ ጤና ነው፤ ጉልበትሽ ይጽና ማለት። ጎረቤት ትከሻን ነው የሚነካው።

ትከሻዋ የቆመበት ቦታ ላይ ደግሞ ምንም አላለችም ነጂብ። እጄን ይዛ ነበር። እጇ ሲያዝ ማውራት አትችልምና ዝም አለች። እዚያ ስደርስ ሪሐናን እጇን ያዝኳት።

ሰዎች አምሯል አሉ። ቪዲዮም ቀርጸውታል፣ ይልኩልሃል። እኔ ግን አልዋሽህም፤ የእሷ እጅ አይደለም። የእኔ ጣት ወፍራም ነው፤ የእሷ ሲያርፍ እንደ ቅጠል ነበር። ያ የለም፤ ከእንግዲህም አይኖርም። ይህን አንተም እኔም እናውቀዋለን።

አፉ በይኝ ብለሃል። በወረቀት ልጽፈው ብዕሩን ብዙ ጊዜ አነሳሁ። አልሆነልኝም። እማ ይቅር ስትል እንዴት እንደምትል ታውቃለህ፤ በቃል አልነበረም።

ከሠርጉ ማግስት ዕቃ እያጠብኩ ብቻዬን በእጄ ሳወራ ራሴን ያዝኩት። "ደክሞኛል" እያልኩ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም። አባባ የለም፣ እማ የለችም። ሪሐና ጥቂቱን ተምራ ባሏ ጋ ሄደች። ያንን ቋንቋ ሙሉውን የሚያውቅ ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። የምናነጋግረው ሰው ስናጣ ይጠፋል።

ልብስም ስልክም አልፈልግም። ና።

ሸሪፋ


ቁርጡባ፣ ኩዌት፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም ሸሪፋ፣

አላህ የሪሐናን ትዳር ያጽናላት፤ አንቺንም ያቆይሽ።

ሠርጉን አየሁት። ስልኩን ይዞ የቀረጸው ሰው አቁሞ ስለያዘው ስዕሉ ጠባብ ነው፤ ከላይ እማ፣ ከታች አንቺ፣ አንድ ላይ ትታያላችሁ። ለማስተካከል ብዬ አልነካውም። እንዳለ ይቀመጣል።

የዚህን ቤት ባባ፣ አሠሪዬን፣ ፈቃድ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ማዳም "እናቴን ማን ያመላልሳታል?" አለች። አሮጊቷ እናቷ ከሶፋው ላይ ሆነው "የራሱ ሰው የለውም እንዴ? ይሂድ" አሏት። አፍሬ ወለሉን አየሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እነሱ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ እኔም ወደ አገር ቤት እመጣለሁ። ትኬቱን ሰልማን ቆርጦልኛል፤ ሰኔ 26 ደሴ ነኝ። መጀመሪያ የምሄደው ወደ መቃብሯ ነው፤ ከዚያ ወደ ቤትሽ። እዚያ ምን እንደምል አላውቅም።

በሩ አጠገብ ባለችው የሾፌር ክፍሌ በእጄ ማውራት ጀምሬያለሁ። ግድግዳው ፊት ተቀምጬ "ውኃ"፣ "ዶሮ"፣ "ነገ"፣ "ገበያው ደርቷል" እላለሁ። ብዙው እጄ ላይ አለ። አንዳንዱን ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ያስታውሰዋል፤ "ጨው አንሷል" የሚለውን ሳላስበው ሠራሁት፣ ሳቄ መጣ።

አንዱን ግን አጣሁት። ልጅ ሆኜ ስንት ነገር ሰብሬባት፣ ስንት ጊዜ አስቀይሜያት፣ ሁልጊዜ ታሳየኝ የነበረ ነው። "ይቅር ብዬሃለሁ" ስትል እጇ ከየት ይነሳ ነበር? ከደረቷ ነው ከግንባሯ? ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እየሞከርኩት ነው። አልመጣልኝም።

በወረቀት አትጻፊልኝ። ስመጣ በእጅሽ አሳይኝ።

ነጂብ